ልቤን ከእኔ በፊት ያዩ ሰዎች

የተበደልኩትን አስቀድሜ ልጻፍ፤ ሌላው ይከተላል። የልቤን ሥዕል በኮምፒውተር ላይ ለወንዱ ልጄና ለሴቷ ልጄ አሳዩአቸው፤ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀመጡኝ። ነርሷ አንገቷን በበሩ ብቅ አድርጋ «አስታማሚ ይግባ» አለች፤ ልጆቼ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። ልቡ የእኔ ነው። መርፌ የተወጋው ክንድ የእኔ ነው። ማሽኑ ውስጥ ተጋድሜ ትንፋሽ ያዢ ስባል የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጆቼ ፊታቸውን አስተካክለው ወጡና «ጨጓራ ነው እማዬ፣ ቀላል ነው» አሉኝ።

ልጆቼን ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። እንደሚወዱኝ አውቃለሁ። የሚወዱኝ ሰዎች ስለ እኔ ያለ እኔ መወሰናቸው ግን በደል ነው፤ ዛሬም በደል ነው እላለሁ። እኔ ከመሠረተ ትምህርት ያለፈ ትምህርት የለኝም። ከዚህ በታች ስለ ልብ የተጻፈው ሁሉ ሐኪሙ ነግሮኝ፣ ደጋግሜ ጠይቄው፣ ገብቶኛል ያልኩት ነው።

ቤቴ ቡራዩ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ገፈርሳ በኩል ገባ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ። የወተት ላሞች አሉኝ፤ ጠዋት አልቤ ለደንበኞቼ በየቤታቸው አደርሳለሁ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያ ስወጣው የኖርኩት ዳገት ይከብደኝ ጀመር። አንድ ሰው በክርኑ ደረቴን ወደ ውስጥ የሚገፋኝ ይመስለኛል። ስቆም ይለቀኛል። ስነሳ ይመለሳል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሱሉልታ ላይ ግን ተያዝኩ። የወንዱ ልጄ ቤት ክርስትና ነበር። ከታክሲ ወርጄ እስከ በሩ ያለችውን መንገድ በዚያ ብርድና ነፋስ ስወጣ፣ የሰው አጥር ተደግፌ ቀረሁ። ልጄ ከሩቅ አይቶኝ እየሮጠ መጣ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። አጥር እያየሁ ነው።»

«የሰው አጥር ምን ያደርግልሻል?»

«ያንተ ያጋደለ ስለሆነ፣ ቀጥ ያለ አጥር ላሳይህ ብዬ ነው።»

አልሳቀም። በሳምንቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጠፉ፤ በአልትራሳውንድ አዩ፤ ቆይተው ደግሞ ሲቲ ስካን አዘዙ። እሱን ለመነሳት ተራ ስንጠብቅ፣ ከገላን ፋብሪካ የመጣ አንድ ጎልማሳ ከእኔ ፊት ተቀምጦ ነበር፤ በአነጋገሩ የደቡብ ሰው ነው። ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ዘግይቶ መጣና ቀጥታ ወደ ውስጥ ጠሩት። ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። «የዚህ ሰው ተራ ነው» አልኩ። ነርሷ «እማማ፣ እርስዎን አልነካንም እኮ» አለችኝ። «እኔን ስትነኩኝማ ገና ታዩኛላችሁ» አልኳት። ባለ ሙሉ ልብሱ ተመልሶ ተቀመጠ። ከእኔው ላይ ሊወሰድ የነበረውን ግን አላየሁም።

ልቤ ቀስ እንዲል ኪኒን ሰጡኝ፤ ምላሴ ሥር አንድ ነገር ረጩ፤ በክንዴ መድኃኒት ሲለቁ ሙቀት ከአንገቴ እስከ እግሬ ወረደ። ያቺ በር የተዘጋችብኝ ከዚህ በኋላ ነው።

በመንገድ ላይ ሴቷን ልጄን ጠየቅኳት። እሷ ሰበታ ነው የምትኖረው፤ አስተማሪ ናት፤ መድኃኒቴን የምትይዘው እሷ ነበረች።

«ጨጓራ ዳገት ላይ ብቻ ያማል እንዴ?»

«አንዳንዱ ጨጓራ እንደዚያ ነው፣ እማዬ።»

«ስቆም የሚተወኝስ?»

«እሱም አለ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንዲት ትንሽ ነጭ ኪኒን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ እንድውጥ፣ አንድም ቀን እንዳልዘል ነገረችኝ። ለጨጓራ ናት አለች።

በኋላ እንደሰማሁት ሐኪሙ የነገራቸው ይህን ነበር። ልብን ራሱን የሚመግቡት የደም ሥሮች ሁለት ቦታ ላይ ጠበዋል፤ አንደኛው ከፊት ነው፣ ያስፈራል። ይሁን እንጂ ምን እንደሚደረግ ለመወሰን ሌላ ሥዕል ያስፈልጋል። ሁለቱም ደንግጠው ለምነውታል፦ ለእሷ አይነገራት፣ ድንጋጤ ይገድላታል። ሱሉልታ ተሰብስበው መከሩ። ወንዱ ደረቷ ቶሎ ይከፈትና ይሠራ አለ። ሴቷ አለቀሰች። ዘመድ ሁሉ ሰማ። ያልሰማነው እኔና ላሞቼ ብቻ ነን።

ከዚያ ሰው መጉረፍ ጀመረ። ያለ ወትሮው ከሰበታም ከሱሉልታም ዘመድ ይመጣል፤ ሁሉም ብርቱካን ይዞ ነው። ለጨጓራ ሰው ብርቱካን የሚያመጣ ዘመድ የት አለ? ተቀምጠው ያዩኛል፤ እኔ ሳያቸው ጣሪያ ያያሉ። ጎረቤቴ፣ እኔ ኦቦ የምላቸው አዛውንት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና በኦሮምኛ «አካም ቡልተን?» ብለው እንዴት አደሩ ሲሉኝ ድምፃቸው ተሰበረ።

«ኦቦ፣ ምን ተባለ ስለ እኔ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጨጓራ ነው አሉ።»

«እርስዎ ለጨጓራ ያለቅሳሉ?»

«ጨጓራም እኮ ክፉ ነው» አሉና ያቀረብኩላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ። እሳቸው ውሸት አይችሉበትም። ያን ቀን መቀመጥ አቃተኝ። ግቢውን ጠረግኩ፤ የተጠረገውን መልሼ ጠረግኩ። አንድ ነገር ከኋላዬ እየሄደ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዞር ስል ሁሉም ሰው ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል።

የሁለተኛው ሥዕል ቀን ደረሰ። ይህኛው ልብን በመድኃኒት እያስሮጡ በአልትራሳውንድ የሚያዩበት ነው። ያቺ ነጭ ኪኒን የልብን ምት የምታረጋጋ ስለሆነች አስቀድሞ መቆም ነበረባት፤ ሐኪሙም ይህንን ለልጄ ነግሯታል። ልጄ ግን እንዴት ትንገረኝ? የጨጓራ ኪኒን ለምን ይቆማል ብዬ እንደምጠይቃት ታውቃለች። ስለዚህ «በባዶ ሆድ ነው የምትሄጂው፣ ቡናም ሻይም እንዳትቀምሺ» ብቻ ብላኝ፣ ቀደም ብላ ከሰበታ መጥታ ኪኒኑን ከመደርደሪያው ላይ ቀስ ብላ ወሰደችው። በዚህ ተገላገልኩ ብላለች።

የማታውቀው ነገር ቢኖር፣ እኔ እንዳይጠፋብኝ የምፈልገውን በመደርደሪያ አላስቀምጥም። የሳምንቱን ኪኒን ነጥዬ በነጠላዬ ጫፍ እቋጥራለሁ፤ እናቴም እንደዚያ ነበረች። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ከቋጠሮው እየፈታሁ ዋጥኩ። የምርመራው ቀን ጠዋትም ዋጥኩ። አንድም ቀን አትዝለዪ ተብዬ የለ!

ሆስፒታል በግራ ጎኔ አስተኙኝ። ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው ማሽኑን የጎድን አጥንቴ መሐል ይጫኑታል። በክንዴ መድኃኒት ይንጠባጠባል። ሐኪሙ ስክሪኑን አየ፤ መድኃኒቱን አስጨመረ፤ እንደገና አየ፤ አሁንም አስጨመረ።

«እማማ፣ ምንም አይሰማዎትም?»

«ምን ሊሰማኝ?»

«ልብዎ እስካሁን መሮጥ ነበረበት።»

«ተኝቼ ለምን ይሮጣል?»

ነርሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። «ዛሬ የልብ ኪኒንዎን ወስደዋል እንዴ?» አለኝ።

«የልብ ኪኒን የለኝም። ያለኝ የጨጓራ ነው። እሱን ወስጃለሁ።»

«የጨጓራ?»

«ትንሿ፣ ነጯ። በባዶ ሆድ ዋጪ ተብዬ ነው።»

ነርሷ ወደ ግድግዳው ዞረች። ክፍሉ ውስጥ ከማሽኑ የሚወጣው ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ሹ ሹ የሚል፣ የራሴ የልብ ድምፅ። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስቆመና በዝግታ «አስታማሚ ጥሪልኝ» አላት።

«ማንም አይጠራም» አልኩ። ቅባቱን በነጠላዬ ጠርጌ ተነስቼ ተቀመጥኩ። «ዛሬ አስታማሚዬ እኔ ነኝ። ዶክተር፣ ይህ የማን ልብ ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆኗል?»

«ልጆችዎ እንዳይነገርዎ ለምነውኝ ነው እማማ። እዚህ አገር ልማዱም—»

«ልማዱን አውቀዋለሁ፤ ካንተ በፊት አውቀዋለሁ። እኔም ለሌላ ሰው እንደዚያው ሳደርግ የኖርኩ ነኝ። አሁን የጠየቅኩህ ስለ ልማድ አይደለም።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ በቁመቴ ልክ ሆነ። እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ የመጀመሪያው ሥዕል የደም ሥሮቹን መልክ ያሳያል፤ የት እንደጠበቡ፣ የት እንደደነደኑ። የልብ ሥጋ ደም አጥሮት እንደሆነ ግን በእርግጥ አይናገርም። ለዚያ ሁለተኛው ያስፈልጋል፤ ልቡ ሲሮጥ የትኛው የግድግዳ ክፍል በደንብ እንደሚጨመቅ፣ የትኛው እንደሚደክም ያሳያል። አንዱን ከሌላው ጋር አጣምሮ አይቶ ነው የሚወስነው፦ በመድኃኒት ይበቃል፣ ወይስ በቱቦ ገብቶ የጠበበውን መክፈት፣ ወይስ ልጄ እንደሚለው ደረትን ከፍቶ መሥራት።

«ልጄ ይከፈት አለ?»

«ቶሎ ይሁን ነው የሚለው።»

ይህን ሰምቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ስለ ውኃ አወራሁ። «እኛ ሰፈር ዋናው ቧንቧ በደጃችን አልፎ ነው ከተማ የሚገባው። ቧንቧውን አይቶ እነዚህ ሰዎች ውኃ አላቸው የሚል ቢመጣ እስቅበታለሁ። እንደዚያ ነው የምትለኝ?»

«ይቀርባል፤ አንድ አይደለም ግን» አለ። «ቧንቧ ከጠበበ ጠበበ ነው። የደም ሥር ግን ሕይወት አለው፤ ይለጠጣል፣ አንዳንዴም በጎን ሌላ መንገድ ያበጃል። በመልኩ ብቻ ብፈርድ ልሳሳት የምችለው ለዚያ ነው።»

«ዛሬስ ምን አየህ?»

«ምንም። ኪኒኗ ልብዎን ይዛዋለች። ዛሬ ባየሁት ሁሉም ደህና ነው ብልዎ ውሸት ሊሆን ይችላል።»

ነገሩ ያኔ ነው የከበደኝ። ድንጋጤ እንዳይገድለኝ ብለው የደበቁኝ ነገር ሐኪሙን ራሱን ሊያሳስተው ነበር። ኪኒኗን መቼ እንደማቆም፣ እስከዚያ ዳገትና ከባድ ሥራ እንዳልነካ፣ ሲብስብኝ ምን እንደማደርግ ለእኔ ነገረኝ፤ እኔም ደግሜ ነገርኩት።

ኮሪደሩ ላይ ሁለቱም ብድግ አሉ። በመሐላቸው አልፌ ወጣሁ። ታክሲ ተራ ድረስ ከኋላዬ መጡ። ማናቸውም አጠገቤ እንዳይቀመጡ ጋቢና ገባሁ፤ ቡራዩ እስክደርስ የሾፌሩን መሪ ሳይ ሄድኩ።

ያለ ኪኒን የዋልኩባቸው ቀናት ዕረፍት አልነበራቸውም። ወተቱን ጎረቤት ታደርስልኛለች፤ እኔ በረንዳና ጓዳ እመላለሳለሁ። ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ የልቤን ምት አዳምጣለሁ፤ ሳዳምጠው የፈጠነ ይመስለኛል፤ እተወዋለሁ፤ መልሼ አዳምጣለሁ። ዳገት አትንኪ እንጂ ታክሲ አትንኪ አልተባልኩም። በሦስት ታክሲ ዞሬ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ ገባሁ፤ ከመንገዱ እስከ በሩ ባጃጅ ያዝኩ። ሴቷም ከሰበታ መጥታ እዚያው አገኘኋት፤ ሲማከሩ ነበር፤ አሁንም ያለ እኔ።

ወንዱ ልጄ ደንግጦ ተነሳ። «እንዴት ብቻሽን ትመጫለሽ?»

«የጨጓራ በሽተኛ ነኝ፤ ምን እሆናለሁ?»

ሴቷ ወዲያው አለቀሰች። «እማዬ፣ እኔ ላንቺ ብዬ ነው። ድንጋጤ ይገድላታል ብለን—»

«ድንጋጤ ቢገድለኝ ኖሮ ወንድምሽ ሞተር ሳይክል የገዛ ዕለት ተቀብሬ ነበር። ደረቴን ልታስከፍቱ ተስማማችሁ አሉ።»

«ጠቧል እኮ!» አለ ወንዱ። ድምፁ ከፍ አለ። «አንቺ አላየሽውም፤ እኔ አይቼዋለሁ። ከፊት ያለው ሥር ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮበት። በዓይኔ አይቼ ዝም ልበል? ዓይኔን ስጨፍን የማየው እሱን ነው።»

ያን ሥዕል ብቻውን ተሸክሞ መክረሙን ያን ጊዜ አየሁ። አሳዘነኝ። መብቴን ግን አልተውኩለትም።

«አንተ ለሰፈሩ ሽማግሌ ሆነህ ትቀመጣለህ» አልኩት። «አንዱን ምስክር ብቻ ሰምተህ ትፈርዳለህ?»

«አልፈርድም።»

«ባለ ጉዳዩን ከደጅ አስቀምጠህስ?»

«እማዬ፣ ይህ እኮ የመሬት ክርክር አይደለም። ሁለተኛው ምስክር እስኪመጣ አንድ ነገር ብትሆኚስ?»

«ብሆን የምሆነው እኔ ነኝ» አልኩት፤ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም አወቅነው። ስለዚህ ውል አሰርን፦ ሦስታችንም እንገባለን፤ ፊት የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ስጨርስ እነሱ የፈለጉትን ይጠይቁ።

በቀኑ ከመግባታችን በፊት ሴቷ ልጄ «እማዬ፣ ነጠላሽን» አለችኝ። አራቱንም ጫፍ ፈትቼ አራገፍኩላት። ከስንት ጊዜ በኋላ አብረን ሳቅን።

በግራ ጎኔ ተኛሁ። መድኃኒቱ መንጠባጠብ ሲጀምር ልቤ እንደታሰረ ጥጃ ተወራጨ። ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል፤ እግሬ ሳይንቀሳቀስ ዳገት እየወጣሁ ነው። ልነሳ ፈለግኩ። ነርሷ እጄን ይዛ በኦሮምኛ «ሀዳ ኮ፣ ጀባዳ» አለችኝ፤ እናቴ በርቱ ማለቷ ነው። ቆይቶ ያ ክርን መጣ፤ ደረቴን ወደ ውስጥ ገፋኝ።

«መጣ» አልኩ።

«ዳገቱ ላይ የሚይዝዎት ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው። ልክ እሱ።»

«ትንሽ ብቻ ይቻሉት፤ እያየሁት ነው» አለ ሐኪሙ፤ ወዲያው ደግሞ መድኃኒቱን አስቆመ። ልቤ እስኪረጋ ድረስ ነርሷ እጄን አልለቀቀችም።

ከዚያ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አደረጋቸው። ቅርብ ያለችው ወንበር ላይ እኔ ተቀመጥኩ፤ ልጆቼ ከኋላዬ ቆሙ። ልቤን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። በአንደኛው ሥዕል የቆመ ነው፤ ሥሮቹ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ተጠማዘው፣ ከፊት ነጭ ነገር ተለጥፎበታል። በሌላኛው ይኮማተራል፣ ይለቃል፤ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር። እንዲህ ትንሽ መሆኑ ገረመኝ።

«ከዚህ ከነጩ ጀምር» አልኩት፤ ከኋላዬ የሚተነፍሰው ልጄ የሚፈራው እሱን ስለሆነ።

«እሱ የደነደነ ካልሲየም ነው። መጥበቡ እውነት ነው፤ ግን ካልሲየም በዚህ ማሽን ከመጠኑ ገዝፎ ነው የሚታየው። አሁን ወደዚህ ይመልከቱ፤ በዚያ ሥር የሚመገበው የፊተኛው ግድግዳ ነው። ልብዎ ሲሮጥ ይበልጥ ተጨመቀ። ደም እየደረሰው ነው።»

«ታዲያ ደረቴን የሚገፋኝ ክርን የማን ነው?»

ጣቱን ወደ ታች አወረደ። «የዚህ። ሌላው ሁሉ ሲጨመቅ ይቺ የታችኛዋ ጥግ ትዘገያለች፤ አዩዋት? በመጀመሪያው ሥዕል ሁለተኛዋ ጠባብ ቦታ ያለችው ወደ እሷ በሚሄደው ሥር ላይ ነው። ማንም ያልፈራት።»

ልጄ «ነጩ አይደለም?» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ።

«ተራህን ጠብቅ» አልኩት። ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። «እርግጠኛ ነህ?»

«ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ላይ ሆነው የሚሉኝን ነው የምነግርዎ። ሐኪም ፈጽሞ አይሳሳትም አልልዎትም።»

ይህን በማለቱ አመንኩት። «እንግዲያው ንገረኝ» አልኩ። «ደረቴ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም? ለእነሱ ሳይሆን ለእኔ።»

ወንበሩን ከስክሪኑ አዙሮ ፊቴን እያየ መለሰልኝ፦

«አይከፈትም፣ እማማ። አሁን በመድኃኒት እንሄዳለን፤ ኪኒኗ ትመለሳለች፣ ሌላም እጨምርልዎታለሁ። ተቀምጠው ሳሉ ከያዘዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ሲሠሩ የሚይዝዎት በመድኃኒቱ ከቀነሰ በዚያው እንቀጥላለን፤ ካልቀነሰ የታችኛዋን አንዷን ሥር ብቻ በክንድዎ በኩል ገብተን እንከፍትና እንዳትዘጋ ስቴንት የሚባል ቀጭን የሽቦ ቱቦ እናስቀምጣለን። በቃኝ ወይም አልበቃኝም የሚሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ልጆችዎን አልጠይቅም።»